የኋላውን ጎማ ማን ፍታው አለ?

እኔ የማውቀው ቢስክሌት የኋላ ጎማው በሁለት ዳዶ ከቴላዮው ጋር ታስሮ፣ ባለቤቱ እስኪያረጅ ድረስ እዚያው የሚኖር ነው። ባሕር ዳር ስንቱን ፎኒክስ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ካቴናው ላላ ሲሉኝ ዳዶውን ፈታ አደርጋለሁ፣ ጎማውን ትንሽ ወደ ኋላ እስባለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ ሒሳቤን እቀበላለሁ፤ አበቃ። «ጋሼ፣ ይቺን የኋላ ጎማ እንዳሻት ብድግ ቁጭ እንድትል አድርግልኝ» ብሎ የመጣ ደንበኛ በዘመኔ አልገጠመኝም። መንገዱ ከጎረበጠ ሰው ከኮርቻው ብድግ ይላል፤ ጉልበት የተሰጠን ለዚሁ አይደል?

በስተርጅና ግን አሜሪካ አምጥተው፣ ኮሎራዶ፣ አውሮራ፣ ልጄ ቤት አስቀመጡኝ። ጋራዡ ውስጥ የልጅ ልጄ ቢስክሌት ቆሟል። ቢስክሌት ልበለው እንጂ ከፊቱ የሞተር ብስክሌት የሚያክል ፎርኬታ፣ ከመሐሉ ወፍራም ሞላ የተጠመጠመበት አሞርዛተር፣ ከኋላው ደግሞ የዘንግና የማጠፊያ መዓት የተሸከመ፣ 16 ኪሎ ግድም የሚመዝን ጉድ ነው። ዋጋውን ልጄ አትነግረኝም። «አባዬ፣ ደም ግፊትህ ይነሳል» ብላ ታልፈዋለች።

ጨዋታው ዳውንሂል ነው፤ ከተራራ ጫፍ ተነስቶ ድንጋይና የዛፍ ሥር ሳይመርጡ ቁልቁል መክነፍ። ቅዳሜ ጠዋት በርቱድ ፓስ የሚሉትን ከ3,400 ሜትር በላይ የሆነ በር ጆሮዬ እየጮኸ እንሻገርና ዊንተር ፓርክ እንወርዳለን። እዚያ ትረስል የሚባል የቢስክሌት መናፈሻ አለ። በበረዶው ወራት ተንሸራታቾችን የሚያመላልሰው ተንጠልጣይ ወንበር በበጋው ልጆቹን ከነቢስክሌታቸው ጭኖ ሽቅብ ያወጣቸዋል። ልብ በሉልኝ፤ ዳገቱን ተቀምጠው ነው የሚወጡት፣ ቁልቁለቱን መሬት ራሷ ትስባቸዋለች። ፔዳል የሚመቱት እዚህም እዚያም ጥቂት ጊዜ ነው። ታዲያ እኔ ታች አግዳሚው ላይ ጃኬቴን ደርቤ ስጠብቅ የምሰማው ክርክር ስለ ምን ይመስላችኋል? ፔዳል ሲመታ የማን ቢስክሌት ይሰምጣል፣ የማን አይሰምጥም! በወንበር የወጣ ሰው ስለ ፔዳል ምን አገባው?

የጀመሩት ሰዎች እንዲህ አልነበሩም። እነሱ ካሊፎርኒያ፣ ከታማልፓይስ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ጎረምሶች ናቸው፤ ዘመኑም 1976። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ የእኛን ብናገር እዚህ ቤት የሚገባው እኔን ብቻ ነው።) የሚነዱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ፣ ጎማው ወፍራም የሆነ የሽዊን ቢስክሌት ነበር። ፍሬኑ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ዓይነት ስለሆነ አንዴ ወርደው ሲጨርሱ ሞዞው ውስጥ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨሳል። ፈተው አዲስ ግራሶ ይሞሉበታል፣ እንደገና ይወጣሉ። ውድድሩ ራሱ ሪፓክ የተባለው በዚህ የግራሶ ሥራ ነው። እነዚያን ልጆች አከብራቸዋለሁ፤ እጃቸው ይቆሽሽ ነበር፤ የራሳቸውን ጣጣ ለአያታቸው አላስረከቡም።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1990 እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ዱራንጎ ላይ ሲደረግ እንኳ የኋላ አሞርዛተር ገና ብርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው የኋላው ጎማ ተፈትቶ ሦስት ጌታ የተሾመበት። ድንጋዩ ሲመታው «ወደ ላይና ወደ ኋላ ሽሽ» ይለዋል። ካቴናው «የት አባህ ትሄዳለህ፣ ና ወደ ፔዳሉ» ብሎ ይጎትተዋል። ፍሬኑ ደግሞ ሲያዝ፣ ጎማው ሊዞርበት የነበረውን ኃይል ሁሉ ወደተሸከመው ክንድ ያዞረዋል። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማስደሰት የሚችል ሰው እስካሁን አልተወለደም። ሞክረው ያልቻሉት ግን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፓተንት አላቸው።

መጀመሪያ የመጣው መላ የጨዋ ነበር። የኋላው ክንድ ከቴላዮው ጋር በአንድ ዘንግ ይያያዛል፣ በዚያው ላይ ይዞራል፤ ጎማው የሚሄድበት መንገድ የክብ ቁራጭ ነው። ኩሽኔታ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። እንግሊዝ አገር ኦሬንጅ የሚባለው ፋብሪካ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ እያጠፈና እየበየደ በዚህ ዘዴ ይሠራ ነበር፤ ስቲቭ ፒት እሱ ላይ ተቀምጦ በ2004 የዓለም ዋንጫውን በአጠቃላይ ድምር ወሰደ። ካቴናው ይጎትተዋል? አዎ ይጎትተዋል። ፍሬን ሲያዝ ይደነድናል? አዎ። ሰውዬው ግን ቀደመ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ እኔም ዛሬ ቡናዬን በሰላም እጠጣ ነበር።

አልቆመም። ሆርስት ላይትነር የሚባል፣ ከሞተር ብስክሌት ዓለም የመጣ ኦስትሪያዊ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ሲያስብ ሲያሰላስል አንድ ማጠፊያ ጨመረ። ከፔዳሉ ወደ ኋላ በሚሄደው የታችኛው ክንድ ላይ፣ ጎማው ከሚቀመጥበት ዘንግ በጥቂቱ ቀደም አድርጎ ክንዱን ቆረጠና በኩሽኔታ አያያዘው። ጎማው ከዚያ በኋላ በታችኛው ክንድ ላይ መቀመጡ ቀረ፤ ከላይ በሚወርደው ዘንግ ላይ ተቀመጠ። የሚዞርበት ማዕከልም በጣት የሚነካ ዘንግ መሆኑ ቀርቶ፣ ጎማው ከፍ ባለ ቁጥር ቦታ የሚቀያይር፣ አየር ላይ ያለ ነጥብ ሆነ። ጥቅሙ? ፍሬን የያዘ ልጅ ጉድባ ላይ ሲወርድ ጎማው ደንዝዞ አይነጥርም፣ መሬቱን መከተሉን ይቀጥላል። ጥሩ ሥራ ነው፤ አልክድም። ስፔሻላይዝድ ይህን አይቶ በ1998 ፓተንቱን ገዛው።

ከዚያ የሆነውን ስሙኝ። አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የሚፈልግ ሌላ ፋብሪካ ወይ ለፈቃድ ይከፍላል፣ ወይ ማጠፊያውን ከጎማው ዘንግ በላይ ያዞረዋል። ጥቂት ሴንቲሜትር! ከዘንጉ ፊት ከሆነ ያስከስሳል፣ ከዘንጉ በላይ ከሆነ አያስከስስም። በኔ አገር የእርሻ ድንበር ክርክር አይቻለሁ፤ ሁለት ወንድማማች በአንድ ጋት መሬት ዕድሜ ልካቸውን ሲካሰሱ አይቻለሁ፤ እነሱ ግን ቢያንስ ጤፍ ያበቅሉበት ነበር። የሚያስቀው ደግሞ፣ ማጠፊያው ከዘንጉ በላይ ሲወጣ ጎማው ተመልሶ በታችኛው ክንድ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ የሚሄድበት መንገድ ያው የድሮው የክብ ቁራጭ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ግን ዘንጉም ማጠፊያውም አለ፤ ባለ አንዱ ማጠፊያ ካባ ደርቦ መጣ። በ2013 አካባቢ የፓተንቱ ዕድሜ ሲያልቅ በአንዳንዱ ፋብሪካ ማጠፊያው ከዘንጉ በላይ ወርዶ ወደ ፊት ተመለሰ፤ በአዲስ ስም፣ በአዲስ ዋጋ።

ካባ አልኩ እንጂ ዘንጎቹ ሥራ የላቸውም ማለቴ አይደለም። አሞርዛተሩን የሚገፉት እነሱ ናቸው። ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠርቼዋለሁ፤ የዳውንሂል ቢስክሌት የኋላ ጎማ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሳል፣ አሞርዛተሩ በዚያ መሐል የሚገባው 75 ሚሊ ሜትር ነው። ሲካፈል ወደ 2.67 ይመጣል። ጎማው ላይ ያረፈው ጉልበት አሞርዛተሩ ጋ ሲደርስ በአማካይ ያን ያህል ተባዝቷል ማለት ነው፤ እነዚያ ጥፍር የሚያካክሉ ቡሎኖች ለምን እንደሚቆረጡ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ዘንጎቹ በብልሃት ከተቀመጡ ይህ ቁጥር ከመነሻው ከፍ ብሎ እየቀነሰ ይሄዳል። እናም ጎማው ጠጠሩን በለስላሳ ይውጣል፣ ከትልቅ ዝላይ ሲያርፍ ደግሞ ይደነድናል። ይህን መጥፎ ነው የሚል እሱ ደደብ ነው። እኔ የምለው፣ ይህን ለማግኘት ስንት ኩሽኔታ ይበቃል?

የልጅ ልጄ የአሞርዛተሩን ሞላ ባዘዘ ቁጥር ሜትር ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ። ከነራስ ቁሩ፣ ከነጉልበት መከላከያው ፔዳሉ ላይ ይቆማል። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ አሞርዛተሩ ምን ያህል እንደገባ እለካለሁ። ከ75 ሚሊ ሜትሩ ሠላሳ በመቶው፣ 22 ተኩል ግድም መግባት አለበት። «አባባ፣ ስንት ነው?» «ሃያ ሦስት።» «ከግማሽ ነው?» የምን ግማሽ! ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ሊያደርግለት? ቁርስ ላይ የበላው ፍርፍር ይበልጣል።

ሁለት አጫጭር ሊንክ ይዘው የመጡት ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው። የኋላው ክንድ አንድ ወጥ ሆኖ ከቴላዮው ጋር በሁለት አጭር ማያያዣ ይገናኛል። ሁለቱ ማያያዣዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞሩ ቪፒፒ ነው፤ ፓተንቱ ከአውትላንድ ተገዝቶ ሳንታ ክሩዝና ኢንቴንስ ያሳደጉት። ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ዲደብልዩ ሊንክ ነው፤ ዴቭ ዊግል የሚባለው መሐንዲስ የስሙን መነሻ የሰጠው። የእነሱ ጭንቀት ካቴናው ነው። ሰው ፔዳል ሲመታ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሽና የኋላው ይሰምጣል፤ ካቴናው ክንዱን የሚጎትትበት ማዕዘን ልክ ከሆነ መስመጡን ይቃወመዋል። ሁለቱ ሲተካከሉ መቶ በመቶ ይሉታል። ከዚያ ካለፈ ካቴናው ሲሳብ የኋላውን ያነሳዋል፤ እግርንም በፔዳሉ መልሶ ይመታል። የልጅ ልጄ የሒሳብ ፈተናውን ውጤት ጠይቁት፣ አያስታውስም፤ የቢስክሌቱን ጠይቁት፣ በእያንዳንዱ ማርሽ ይነግራችኋል።

አውስትራሊያዊው ሳም ሂል በ2006 እና በ2007 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የነዳው አይረን ሆርስ ሰንዴይ ዲደብልዩ ሊንክ ነበረው። ቢስክሌቱ ዓለምን አሸነፈ፤ ፋብሪካው በ2009 ከሰረ። ቪፒፒውን ደግሞ የአህጉራችን ሰው፣ ደቡብ አፍሪካዊው ግሬግ ሚናር ነው ያስከበረው፤ ቪ10 የሚባለውን ይዞ በ2013 በገዛ ከተማው በፒተርማሪትዝበርግ ወገኖቹ ፊት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2021 ጣሊያን፣ ቫል ዲ ሶሌ ላይ በ39 ዓመቱ ደገመው። ያን ጊዜ የልጅ ልጄ ምን አለኝ? «አባባ፣ ሽማግሌው አሸነፈ!» ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ትዳር ለመያዝ ገና ልጅ ነህ ይሉኝ ነበር። ስለ ቪ10ም አንድ ነገር ልጨምር፤ በስሙ ያለው 10 ጎማው የሚነሳበት ኢንች ነበር። አሁን ወደ ስምንት ቀንሰውታል፤ ቁጥሩ ግን ስሙ ላይ ቀርቷል።

ስለ ጎማው መጠን አልናገርም። 26 ነበር፣ 27.5 ሆነ፣ 29 ሆነ፣ አሁን ከፊት 29 ከኋላ 27.5 ነው። አንድ መጠን ላይ እንኳ መስማማት ያልቻሉ ሰዎች ስለ ማጠፊያ ሊስማሙ?

አሁን ወደ ዋናው በደሌ ልምጣ። ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሸሽ የሚፈልገው ወደ ላይ ብቻ አይደለም፣ ወደ ኋላም ነው። ይህን የሚያደርግ ቢስክሌት ከፈለጋችሁ ማጠፊያውን ከፍ አድርጋችሁ፣ ከፊት ጥርሱ በላይ ትተክሉታላችሁ። ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ድንጋዩ ላይ አይሰናከልም፤ እሰየው። ግን ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ ከፔዳሉ ይርቃል፤ ከፔዳሉ ሲርቅ ካቴናው ያጥራል፤ ካቴናው ሲያጥር ፔዳሉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ የልጁ እግር ይመታል። ስለዚህ ማጠፊያው አጠገብ ሌላ ትንሽ ጥርስ ተከሉ፣ አይድለር አሉት፤ ካቴናው በላዩ ላይ ዞሮ እንዲያልፍ። ካቴናው ሰላም አገኘ። አይድለሩ ግን አፈርና ጭቃ ይበላል፣ ይንጫጫል፣ ጥርሱ ያልቃል፣ ኩሽኔታም አለው። ኩሽኔታውም አንድ ተጨማሪ።

ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ግኝት ያወሩታል። ካናዳዎቹ ባልፋ ቢቢ7 የሚባለውን ከፍ ባለ ማጠፊያና በአይድለር የሠሩት የልጅ ልጄ ሳይወለድ ነው። በ2015 አካባቢ አንዶራ ያለው ኮመንሳል ሱፕሪም የተባለውን በዚህ ዘዴ አወጣ፣ በ2018 ፈረንሳዊው አሞሪ ፒየሮን የዓለም ዋንጫውን አጠቃላይ በእሱ ላይ ወሰደ፤ ከዚያ ያልተከለ ፋብሪካ ጠፋ። ሹክሹክታው ጋራዤ ሲደርስ «አባባ፣ አይድለር የሌለው ቢስክሌት አለቀለት» ተባልኩ። እኔ አይድለር የማውቀው በመኪና ቀበቶ ላይ ነው፤ እዚያም የሚያበሳጭ ዕቃ ነው።

ጣጣው በዚህ ቢያበቃ። ማጠፊያው ከፍ ሲል ፍሬኑ ደግሞ ተቆጣ። ፍሬኑ ያው የሚዞረው ክንድ ላይ ከተቀመጠ፣ ሲያዝ የቢስክሌቱን ኋላ ወደ መሬት ይስበዋል፤ አሞርዛተሩም ይታፈናል። እንዲህ ያለውን ጉልበት ለማምለጥ ድሮ ፍሬኑን ብቻውን በሚንሳፈፍ ማቀፊያ ላይ አስቀምጠው በረጅም ዘንግ ከቴላዮው ጋር ያስሩት ነበር። ትሬክ ደግሞ ማጠፊያውን ራሱ የጎማው ዘንግ ላይ አኑሮ ኤቢፒ አለው። አሁን የመጣው ግን የሁሉም ቁንጮ ነው፤ ባለ ስድስት ዘንግ። ጎማው የሚሄድበትን መንገድ፣ የካቴናውን ጉተታና የፍሬኑን ጉልበት እያንዳንዱን ለየብቻ እናስተካክል ብለው። በወረቀት ላይ ያምራል። ስድስት ዘንግ ደግሞ አንድ ላይ ሆነው በአንድ መንገድ ብቻ እንዲንቀሳቀሱ ሰባት መጋጠሚያ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ የፋብሪካ ምርጫ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ሰባት መጋጠሚያ በግራና በቀኝ ሲሆን ስንት ኩሽኔታ እንደሚሆን እናንተው ቁጠሩት።

ማን እንደሚቀይረው ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። የልጅ ልጄ ከመናፈሻው ሲመለስ ጭቃውን በከፍተኛ ግፊት ውኃ ያጥበዋል። «በሩቁ አድርገው፣ ማጠፊያው ላይ አትልቀቀው» እላለሁ። ውኃው በኩሽኔታው ላስቲክ ሾልኮ ይገባል፣ ግራሶውን አጥቦ ያወጣል። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ማታ «አባባ፣ የሆነ ነገር ይጮኻል» ይለኛል። የሆነ ነገር! ቡሎኖቹን በብሩጎላ ፈትቼ ክንዱን አውርጄ ኩሽኔታውን በጣቴ ሳዞረው እንደ ደረቀ ጠጠር ይፋጫል፤ ዝገቱ ጥፍሬ ሥር ይገባል። ቁጥሩን አነባለሁ፤ 6902፣ ውስጡ 15፣ ውጭው 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። ጎኑ ያለው ሌላ ቁጥር ነው፤ ከዚያ ሌላ። ለምን አንድ ዓይነት አያደርጉትም ብዬ ብጠይቅ መልስ የለም።

አሮጌውን ከውስጥ በኩል እያዟዟርኩ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ በማርቴሎ ቀስ እያልኩ አወጣዋለሁ። ለአዲሱ የራሴ መላ አለኝ። ረጅም ጥርስ ያለው ቡሎን፣ ወፍራም ሮንዴላ፣ ልኩ ከኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ጋር የሚገጥም ቡሶላ። በሁለቱም በኩል አስገጥሜ ዳዶውን በቺያቬ ቀስ በቀስ ሳጠብቀው ኩሽኔታው ቀጥ ብሎ ይገባል። ውስጠኛውን ቀለበት መግፋት ክልክል ነው፤ ጥይቶቹን ያበላሻቸዋል። ትንሽ ካጋደለ ደግሞ ቤቱን ይቧጭረዋል፣ ቤቱ ከተቧጨረ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ተበላሸ ማለት ነው፤ የክንዱን ዋጋም ልጄ አትነግረኝም። እንዳያጋድል አንድ ዘዴ አለ፤ ኩሽኔታውን ቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር፤ ብረቱ በቅዝቃዜ ጥቂት ይሸመቅቃል፣ አገባቡም ይቀላል። እኔም በፌስታል ጠቅልዬ ከአገር ቤት ከመጣው በርበሬ ጎን አስቀመጥኩት። ልጄ ለወጥ ብላ ስትከፍት ፌስታሉን አወጣችው። «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» «ኩሽኔታ ነው።» «ከበርበሬው ጋር?» ልጇን ግን አልተቆጣችም። ቢስክሌቱ የሱ፣ ጩኸቱ የሱ፣ ፍሪዘሩን ያረከሰው አያት።

እኔን ባለማስቸገር ረገድ ሆንዳ ጨዋ ነበር። አርኤን01 የሚባል ዳውንሂል ሠራ፤ ማርሹን ሁሉ ጎማው ላይ መንጠልጠሉ ቀርቶ መሐል ላይ ሳጥን ውስጥ ከተተው፣ እንደ መኪና ካምቢዮ። ሚናር በ2005 የዓለም ዋንጫውን አጠቃላይ በእሱ ላይ ወሰደ። ከዚያ ሆንዳ በ2007 መጨረሻ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ፤ ለገበያ አንድም ሳያቀርብ። እግዜር ይስጠው፤ ያ ሳጥን ተሸጦ ቢሆን አንድ ቀን ጋራዤ ውስጥ ተፈትቶ ባየሁት ነበር።

ከሦስቱ ጌቶች አንዱ ካቴናው ነው ብያችኋለሁ። ታዲያ በ2015 ኦስትሪያ፣ ሊዮጋንግ ላይ የሆነውን የልጅ ልጄ ራሱ ነው በስልኩ ያሳየኝ። አሮን ግዊን የሚባለው አሜሪካዊ ከመነሻው በር ወጥቶ ፔዳሉን እንደመታ ካቴናው ተበጠሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆማል፣ ያለቅሳል፣ ኩባንያውን ይወቅሳል። ልጁ ግን ፔዳል የለ፣ ጉተታ የለ፣ በስበት ብቻ፣ ፍሬኑን እየቆጠበ ወረደና አሸነፈ። የዓለም ዋንጫ ውድድር ነው የምላችሁ፣ የሰፈር ጨዋታ አይደለም። ካቴናው ሲቀር የኋላው ጎማ ከጌቶቹ አንዱን ተገላግሎ ድንጋዩን እንዳሻው ተከተለ የሚሉ አሉ፤ እኔ ይህን አምናለሁ። የልጅ ልጄ ግን ከዚያ ታሪክ የወሰደው ትምህርት ምን ይመስላችኋል? ካቴናው ከፔዳሉ ጋር ያለውን ጉተታ የሚያላላ አንድ ዕቃ አለ፣ እሱን ግዙልኝ! ካቴናውን ፍታው እንጂ ልጄ፤ በነፃ ነው፤ ቺያቬው እጄ ላይ ነው።

ሰሞኑን አዲስ ሊገዛ ሲያጠራቅም ነበር። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪና ውስጥ ሥዕሉን አሳየኝ፤ ባለ ስድስት ዘንግ፣ ከፍ ያለ ማጠፊያ፣ አይድለር ያለው። መነጽሬን አድርጌ መጋጠሚያዎቹን ቆጠርኩ።

«ሰባት» አልኩት።

«አባባ፣ አንተ ደግሞ ማጠፊያ ብቻ ነው የምትቆጥረው!»

«ሌላ ምን ልቁጠር?»

«ጎማው ወደ ኋላ ስንት እንደሚሸሽ፣ ፍሬኑ ላይ ስንት በመቶ እንደሆነ...»

«ኩሽኔታውን የሚቀይረው ማነው?»

ዝም አለ። ልጄ በመስተዋቱ አየችኝ። እኔ ባለ አንድ ማጠፊያ፣ ቢበዛ ባለ ሆርስት፣ ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም አልኩ፤ በገንዘቡ ትርፍ ጓንትና የአንገት መከላከያ ይግዛ አልኩ፤ ሰባት መጋጠሚያ ያለውን ከገዛ ግን ማርቴሎና ቡሶላው የት እንዳለ ያውቃል፣ ራሱ ይሥራው፣ እኔ በቃኝ አልኩ። ትናንት ስልክ ደወለ፤ ተገዝቷል፣ ቅዳሜ ይመጣል። የኔ ጉልበትም ፍሪዘሩም እንደቀጠሉ ናቸው። ግራሶው ግን አልቋል፤ ሲመጣ ሁለት ቱቦ ይዞ ይምጣ፣ ከጥሩው።